ድመቷ አለች፣ እናቴ የለችም

አጎቴ እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ይሄን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ፣ መጨረሻው ላይ ተቃቅፈን የምንላቀስ መስሏችሁ እንዳትጠብቁ ነው። አንላቀስም። ቤተክርስቲያን ስንገናኝ እሱ በወንዶቹ በኩል ቆሞ ጣሪያ ያያል፣ እኔም አንገቴን አልደፋም። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ።

ያኔ ፋይናንስ ተምሬ ገና ግራጁዌት ማድረጌ ነበር። ሥራ የለኝም። ዳውንታውንም ሬድመንድም ኢንተርቪው እሄዳለሁ፣ "ኮል እናደርግልሻለን" ይሉኛል፣ አያደርጉም። ከእናቴ ጋር ስካይዌይ የሚባል ሰፈር፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው የምንኖረው። "ለጥናት ጸጥታ ያስፈልግሻል" ብላ መኝታ ቤቱን ለእኔ ለቃ፣ እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛለች። ጥናቱ ካለቀ በኋላም እዚያው ሶፋ ላይ ቀረች። ሶ፣ ሥራ እስካገኝ ትዕግስት የለኝም ስላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም።

አጎቴ ግርማ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሷም እኔም "ጋሼ" ነው የምንለው። ሾርላይን ውስጥ ፋሚሊ ሆም አለው። ለማታውቁት፣ ሲያዩት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ውስጡ ግን ብቻቸውን መኖር የማይችሉ ስድስት አሮጊትና ሽማግሌ ፈረንጆች አሉ። የሚያበላቸው፣ የሚያጥባቸው፣ መድኃኒት የሚሰጣቸው ሰው ይቀጠራል፤ ክፍያውን ወይ ቤተሰቦቻቸው ወይ መንግሥት ይችላል። አባቴ ሲሞት እኔንና እናቴን ወደ አሜሪካ ያመጣን ጋሼ ነው። ፎርም ሞልቶ፣ ስፖንሰር ሆኖ፣ ትኬት ቆርጦ። ይሄን የሚክድ የለም። እሱም ማንም እንዲረሳው አይፈቅድም።

አንድ ሐሙስ ኮል አደረገልኝ።

"ፌቨን፣ አሁንም ቤት ነሽ አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሥራ አግኝቼልሻለሁ። ሁለተኛ ቤት ልከፍት ነው። ኢንቬስተሮች እሁድ ይመጣሉ። ሰዎቹ የተማሩ ናቸው፤ ወሬ አይበቃቸውም፣ ፋይናንሻል ስቴትመንት እንይ ብለዋል። የባንኩንም የደረሰኙንም እልክልሻለሁ፣ አሳምሪልኝ።"

አስሊልኝ አላለኝም። አሳምሪልኝ ነው ያለኝ።

"ይከፍሉኛል?" አልኩት፣ ግማሹ ቀልድ ግማሹ የምር።

ሳቀ። "አንቺ ደግሞ። ለራስሽ ቤት እኮ ነው የምትሠሪው።"

ሐቁን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ዓመት የተማርኩትን አንድ ሰው ፈለገው ማለት ነው። ዓርብ ሙሉ ቀን ሠራሁት። ገቢው እዚህ፣ የቤቱ ኪራይ እዚህ፣ ኢንሹራንስ፣ አስቤዛ፣ የሠራተኛ ደሞዝ። ጋሼ አንድ ነገር አይታማም፣ ወጪ አያመልጠውም። አረጋውያኑ የሚያጫውቷት ድመት አለች፣ የሷን ምግብ ሳይቀር መዝግቧል። ደምሬ ስጨርስ የመጣው ትርፍ በጣም ትልቅ ነበር።

በጣም ትልቅ። እዚህ ላይ ነው ያልተመቸኝ። አንድ ኩባንያ እንደሱ ዓይነት ሥራ ከሚሠሩት ሁሉ በእጥፍ ካተረፈ፣ ወይ ባለቤቱ ሌላው የማያውቀውን ያውቃል፣ ወይ የሆነ ወጪ አልተጻፈም። ለሽያጭ የቀረቡ ሌሎች ፋሚሊ ሆሞች ሂሳባቸውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣሉ፤ አወረድኩና ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ኪራይ ይቀራረባል። ምግብ ይቀራረባል። ደሞዝ ጋ ስደርስ የጋሼ የነሱን ግማሽ አይሞላም። ምናልባት በካሽ እየከፈለ ይሆናል ብዬ ደወልኩለት።

"ጋሼ፣ ስንት ሠራተኛ ነው ያለዎት?"

"ሁለት። ልኬልሽ የለ እንዴ?"

"ስድስት ሰው በሁለት ሠራተኛ? ቅዳሜና እሁድስ? ከሰዓት በኋላስ ማነው ያለው?"

"እናትሽ ታግዘኝ የለ እንዴ" አለኝ፣ ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች ብዬ የጠየቅኩት ይመስል።

ስልኩን ዘጋሁት።

"ላግዘው ልሂድ።" አሜሪካ ከገባን ጀምሮ የእናቴ ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው። ጠዋት ዳውንታውን ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፣ ከዚያ ቤት አትመጣም፣ አውቶቡስ ቀያይራ ሾርላይን ትሄዳለች። የግራጁዌሽኔ ቀን ጋውኔን እንደለበስኩ ሁለት ፎቶ ተነሳንና ሮጠች፤ "ሚስተር ሀሮልድ መድኃኒቱን ከእኔ እጅ ካልሆነ አይወስድም" ብላ። የኬርጊቨር፣ ማለትም የተንከባካቢነት፣ ሰርተፍኬት ሁሉ አላት። ትሬኒንጉን የከፈለላት ጋሼ ነው፣ እሱንም ወጪ ብሎ ይዞታል።

ሥራ ብትለው ኖሮ ገና ሃይስኩል እያለሁ "ስንት ይከፍሉሻል?" እላት ነበር። እገዛ ስትለው ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? ቃሉ ራሱ በር ይዘጋል።

ሶ፣ በእርሷ ቦታ ሰው ቢቀጠር ብዬ አሰብኩ። የምትሄድበትን ሰዓት በግምት ጻፍኩ፣ ለሁለቱ ሠራተኞች በሚከፈለው ሂሳብ አባዛሁት፣ ደሞዝ ሥር ጨመርኩት። ትርፉ ጠፋ። ጠፋ ስላችሁ ቀነሰ ማለቴ አይደለም፣ ከዜሮ በታች ወረደ። ያ ቤት አትራፊ ሆኖ አያውቅም። ትርፍ የምንለው ነገር እናቴ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት የስኒከሯን ክር ስታስር ያዝኳት።

"እማዬ፣ ጋሼ ይከፍልሻል?"

"ለምኑ?"

"ለምትሠሪው።"

"ምን እሠራለሁ እኔ? አግዘዋለሁ እንጂ። ደግሞ ለበዓል ይሰጠኛል።"

"ለበዓል የሚሰጥሽ በግ መግዣ ነው። ደሞዝ ማለቴ ነው።"

"ከወንድም ጋር ሂሳብ አይያዝም።"

"እሱ ይዟል እኮ" አልኳትና ላፕቶፑን አዞርኩላት። "ይኸው የድመቷ ምግብ። ይኸው ላንቺ ትሬኒንግ የከፈለው። ስምሽን ፈልጊ እስቲ። ድመቷ አለች፣ አንቺ የለሽም።"

ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊደሉን ትለያለች። ከዚያ ወደ ክሯ ተመለሰች፣ ታስሮ የነበረውን ፈታ እንደገና አሰረችው።

"እሱ ባይኖር የት ነበርን? አንቺስ ዛሬ በእንግሊዝኛ ትቆጪኝ ነበር?"

"በአማርኛ ነው የተቆጣሁሽ። ትኬት ነው የገዛልን፣ እማዬ። ትኬት ስንት ዓመት ነው የሚከፈለው?"

"ፈረንጅ ሆነሻል" አለች። ይሄ ቤታችን ውስጥ ትልቁ ስድብ ነው። ቦርሳዋን አነሳችና በሩ ላይ ዞር አለች። "ስሚኝ። እሁድ እነዚያ ሰዎች ሲመጡ ይሄን ነገር እንዳታነሺው። በአባትሽ አጥንት ይዤሻለሁ። በሰው ፊት ወንድሜን እንዳታዋርጅብኝ።"

በአባቴ አጥንት ከተያዝኩ ምንም ማድረግ አልችልም፣ ይሄን እሷም ታውቃለች። ግን እንዳታነሺው አለችኝ እንጂ እንዳትጽፊው አላለችኝም። ሁለተኛ ገጽ ጨመርኩና ፕሪንት አደረግኩት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ራሱ በመኪናው ይዞን ሄደ። መንገድ ላይ ወረቀቱን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ገጽ በቀይ መብራት ላይ አየው።

"አምሯል?"

"አምሯል ጋሼ።"

"ጎበዝ" ብሎ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛውን አልገለጠም። መግለጥ የእርሱ ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም፣ አይደል?

የመጡት ባልና ሚስት ናቸው። ዮናስ ሬድመንድ ውስጥ የሚሠራ የሶፍትዌር ኢንጂነር ነው፣ ሲስተር ሰብለ ሆስፒታል ነርስ ናት። ቤት ለመግዛት ያጠራቀሙትን ነበር ሊያስገቡ የመጡት። ሳሎን ተቀመጥን። አረጋውያኑ ምሳ በልተው ክፍላቸው ገብተዋል። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ አስቀምጣ ሽርጥ አድርጋ ሻይ ታቀርባለች፣ ማንም ተቀመጪ አላላትም፤ እኔም ጭምር፣ ስለለመድኩት።

ጋሼ ንግግር አደረገ። "ይሄ ቤት በብድር አልተሠራም፤ በቤተሰብ ነው የተሠራው" አለ። እውነቱን ነበር፣ እሱ ባሰበው መንገድ ባይሆንም።

ዮናስ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበ። ቅንድቡ ከፍ አለ፣ ደስ ያለው ይመስላል። ሁለተኛውን ገለጠ። እዚያ ላይ ቆየ።

"ጋሽ ግርማ፣ ይሄ መስመር አልገባኝም። 'ያልተከፈለ የቤተሰብ ጉልበት' ይላል። ይሄ ሲገባ ኪሳራ ነው የሚያሳየው።"

"የቱ?"

"እዚህ፣ ከደሞዝ ሥር።"

ጋሼ ወረቀቱን ተቀበለው። መነጽሩን በኪሱ ፈለገ፣ ግንባሩ ላይ ነበር። አነበበ። ከዚያ ሳቅ ብሎ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

"ልጅ ናት እኮ። ትምህርት ቤት ያስተማሯት ቲዎሪ ነው። ፌቨንዬ፣ እሱን ገጽ አውጪው።"

"አላወጣውም ጋሼ።"

እናቴ ሻይ እየቀዳች እጇ ቆመ።

"ምን ማለት ነው?" አለኝ ዮናስ።

"እርስዎ ገንዘብዎን የሚያስገቡት፣ ይሄኛው ቤት ስላተረፈ ሁለተኛውም ያተርፋል ብለው ነው" አልኩት። "አያተርፍም። ይሄ ቤት እንዲያተርፍ ያደረገው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ቤት ደግሞ እሱ አይኖረውም።"

"ምንድን ነው እሱ?"

እዚህ ላይ በአባቴ አጥንት ተይዣለሁ፣ በአፌ ልናገረው አልችልም። ዓይኔን ግን ማንም አላስማለውም። ሲስተር ሰብለ የማይበትን ተከትላ አየች። ትሪ ይዛ የቆመችውን እናቴን አየች።

"እትዬ አልማዝ" አለቻት ረጋ ብላ፣ "እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"እኔ? ኧረ ምንም። አግዛለሁ እንጂ።"

"ምን ምን ያግዛሉ?"

"እንዲያው የሚሆነውን ሁሉ። ከሰዓት ስመጣ እራት እሠራለሁ። የሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ስኳር ያለባቸው አሉ፣ ተፈጭቶ የሚሰጠው አለ። አጥባቸዋለሁ። ሚስ ዶሪስን ሳይመሽ ነው፣ ከመሸ ውሃ ትፈራለች። እሷን ደግሞ ማገላበጥ አለ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል።"

"ብቻዎን ነው የሚያገላብጧት?"

"ከማን ጋር ላገላብጣት?" አለች እናቴ፣ ጥያቄው ገርሟት።

"ወገብዎን አያምዎትም?"

"እሱማ ያመኛል።" ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። "አንሶላቸውን አጥባለሁ። ልጆቻቸው ሲደውሉ አናግራቸዋለሁ፣ እንግሊዝኛዬ እንዲህም ሆኖ። ሚስተር ሀሮልድ ሲያኮርፍ የሚያስታርቀው የለም፣ እሱን እለማመጣለሁ። ባለፈው ዊንተር በረዶ ጥሎ ሠራተኞቹ መምጣት አልቻልንም ሲሉ፣ ለሆቴሉ አመመኝ ብዬ እዚሁ ሰነበትኩ። መብራትም አልነበረም።"

ታመምኩ ብላ፣ የሚከፈላትን ሥራ ትታ፣ የማይከፈላት ጋ። ይሄን እኔም የሰማሁት ያኔ ነው።

"አልማዝ፣ በቃ" አለ ጋሼ።

"ቆይ ጋሼ፣ ጠይቃኝ እኮ ነው።"

እናቴ ስለ ራሷ ይሄን ያህል ስታወራ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እየቆጠረች በሄደች ቁጥር ድምፅዋ እየተለወጠ መጣ፤ መጀመሪያ ይቅርታ የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው፣ ኋላ ግን የሌላ ሰው ታሪክ እየሰማች የምትገረም። ስትጨርስ ሲስተር ሰብለ ስትጽፍበት የቆየችውን ብዕር አስቀመጠች።

"እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ ማን ይገባል?"

እናቴ ጋሼን አየችው። ጋሼ ዮናስን አየው።

"እኔ እህቴን አላስገደድኩም" አለ ጋሼ በመጨረሻ። ፊቱ ደም መስሏል። "ሰው ፊት ተናገሪ አልማዝ። አስገድጄሽ አውቃለሁ?"

"አላስገደድከኝም ጋሼ።"

"አያችሁ።" እጁን ዘረጋ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎት።

"ጠይቀኸኝም አታውቅም" አለች።

በቀስታ ነው ያለችው። ግን ጋሼ ከዚያ በኋላ ወደ እሷ ማየት አልቻለም፣ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺን ለዚህ ነው ያመጣሁሽ?"

"ያመጡኝ ትማር ብለው ነው ጋሼ። ተማርኩ።"

ዮናስ "እናስብበታለን" ብሎ ተነሳ። እኛ ሀገር ሰው እናስብበታለን ካለ አስቦ ጨርሷል ማለት ነው። ሲስተር ሰብለ በሩ ላይ እናቴን አቅፋ፣ ወረቀቱን እያሳየች የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። እናቴ ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አደረገች። "የሚስተር ሀሮልድን መድኃኒት በተፈጨ ፖም አድርገህ ስጠው" አለችው ወንድሟን። ወጣን።

በአውቶቡስ ተመለስን። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ዳውንታውን ወርደን ሌላ አውቶቡስ ያዝን። ሬኒየር መንገድ ላይ ስንደርስ መስኮቱን እያየች፦

"በአባትሽ አጥንት ይዤሽ ነበር።"

"እንዳታነሺው ነው ያልሽኝ። አላነሳሁትም፣ ጻፍኩት።"

ይሄኔ ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን በስርቆሽ አየሁ። አላለቀሰችም።

"ቅዳሜን ግማሽ ቀን ነው ያደረግሽው" አለችኝ።

"ምን?"

"ወረቀቱ ላይ። ሰብለ አሳየችኝ። ቅዳሜን ግማሽ ቀን ብለሽ ጽፈሻል። እኔ ቅዳሜ እስኪመሽ ነኝ። አሳንሰሽዋል።"

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እሷም ሳቀች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ሹፌሩ በመስታወት አየን።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ። ጋሼ ልኳቸው ነው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች፣ ሶፋችን ላይ፣ ማለትም የእናቴ አልጋ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ አጎትሽን ይቅርታ ጠይቂ" አሉኝ አንደኛው። "ሥራውን አበላሽተሽበታል።"

"ቁጥሩ ከተሳሳተ እጠይቃለሁ አባቴ። የቱ ጋ ነው የተሳሳተው?"

"ስለ ቁጥር አይደለም የምናወራው።"

"እኔ ስለ ቁጥር ነው የጻፍኩት።"

እናቴ በዓይኗ ገላመጠችኝ፣ ከዚያ ራሷ ተናገረች። "እኔ ከወንድሜ አልተጣላሁም። እመለሳለሁም። እንደ ሠራተኛ ከሆነ በሰዓት ይክፈለኝ፣ እንደ ቤተሰብ ከሆነ ድርሻዬ ይጻፍልኝ። የፈለገውን ይምረጥ።"

"አልማዝ፣ በእህትና በወንድም መሃል ወረቀት?"

"ከዮናስ ጋር ወረቀት ሊጻፍ አልነበረም እንዴ? ዮናስ ማንን አጥቦ ያውቃል?"

ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ጋሼ አንዱንም አልመረጠም። ሁለተኛው ቤት አልተከፈተም። በእናቴ ቦታ ሰዎች ቀጠረ፤ ስንት እንደቀጠረ የነገረን ሰው ስቆ ነው የነገረን፣ እኔ ግን አላሳቀኝም። እናቴ እዚያው ሾርላይን ሌላ ፋሚሊ ሆም ገባች፣ በደሞዝ። የመጀመሪያ ቀን ውላ ስትመጣ "የምሳ ሰዓትሽ ነው፣ ተቀመጪ አሉኝ" አለችኝ። "ምን ላድርግ ብዬ ቆምኩ።" ሆቴሉን ተወችው። እሁድ እሁድ ሚስተር ሀሮልድን ለመጠየቅ ጋሼ ቤት ትሄዳለች፣ እንደ እንግዳ፤ ጋሼም እሷን ያናግራታል። ቂሙ ከእኔ ጋር ነው። ይሁን፣ እችለዋለሁ።

እኔስ? አሁን ለትንንሽ ንግዶች ብድር በሚሰጥ ቦታ እሠራለሁ፣ የሰው ሂሳብ ነው የማየው። ገንዘባችሁን የዘመድ ሬስቶራንት ወይም ግሮሰሪ ውስጥ ልታስገቡ የተነሳችሁ ካላችሁ ከእኔ አንድ ነገር ስሙ። ትርፉ ከሚገባው በላይ ሲያምር ቶሎ አትደሰቱ። ወረቀቱ ላይ የጎደለ ወጪ ከመፈለጋችሁ በፊት የጎደለ ሰው ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ናት፣ ጓዳ።

ቤተሰብን በገንዘብ ተመነች የሚሉኝ አሉ። እናቴን በነጻ ሲተምኗትስ ለምን ዝም አላችሁ? ዜሮም ዋጋ ነው፣ ከሁሉም የከፋው ዋጋ። ደግሞ ጋሼን ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱን እንደ እንጀራ እየቆረሰ የእናቴን ዕድሜ በላበት እንጂ።

እናንተም ቤት "ኧረ እኔ ምንም አልሠራም፣ አግዛለሁ እንጂ" የምትል ሰው ካለች፣ ወንበር ስጧትና ምን ምን እንደምታግዝ ጠይቋት። ጊዜ ይዛችሁ ጠይቋት፣ ቶሎ አያልቅም። መሃል ላይ "በቃ" የሚል ሰው ከተነሳ እሱን ከክፍሉ አስወጡትና ትቀጥል።